የአሥራ ሰባት ቁጥሩ እርማት

በነሐሴ የመጨረሻ እሑድ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ሦስት ቁጥር ለባሹ ዴክላን፣ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሃውቶርን ከሚባል ሰፈር አጠገብ ካለው የሕዝብ ሜዳ ተቀይሮ ወጣ። ዕድሜው አርባ አንድ ነበር። ጨዋታው ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ይቀረው ነበር። ቡድኑ በሁለት ነጥብ ይመራ ነበር፤ በሁለት ነጥብም አሸነፈ። ከዚያ ቀን ወዲህ ዴክላን ለውድድር ዱላ አላነሳም።

እነዚህን መስመሮች የገለበጥኳቸው ከአሮጌ ማስታወሻ ደብተሬ ነው። ደብተሩን ከካርቶን ውስጥ ያስወጣኝ ሽታ ነው። ባለፈው ማክሰኞ የበር ቀለም ልገዛ ፒኮ መንገድ ላይ ካለ የቀለም ሱቅ ገብቼ ነበር። ሻጩ የአንድ ቆርቆሮ ክዳን ሲከፍት የተልባ ዘይት ሸተተኝ። ለሌላው ሰው የተልባ ዘይት የእንጨት ማሻ ነው። ለእኔ ግን ፌርፋክስ መንገድ ላይ የነበረው የጽጌ ሱቅ ነው። ሱቁ በርበሬም ኮረሪማም ይሸት ነበር፤ ከሁሉም ልቆ የሚሸተው ግን ያ ዘይት ነበር፤ ባሏ ዴክላን ከሥራ ሲመለስ ከመደርደሪያው ጀርባ በርጩማ ላይ ተቀምጦ የመጫወቻ ዱላውን በተልባ ዘይት ያሽ ነበርና። የመጀመሪያዎቹን ጠርሙሶች ከጽጌ መደርደሪያ ላይ ያነሳ ነበር። ጠርሙሶቹ ለሆድ ሳይሆን ለእንጨት እንደሚያልቁ ጽጌ ካወቀች በኋላ ከቀለም ሱቅ ማምጣት ጀመረ።

ዓመቱን ለሚጠይቀኝ፣ የታክሲ ሰዎቻችን ስልክ ተነክቶ ስለሚመጣው መኪና ማማረር ከጀመሩ በኋላ፣ ግማሾቹ ራሳቸው ያንኑ መንዳት ከመጀመራቸው በፊት የነበረው ሰመር ነው እላለሁ። ያን ጊዜ የፒኮ አውቶቡስ አንድ ዶላር ከሃምሳ ነበር። በያይነቱ አሥራ ሁለት ዶላር፣ ሁለት ሰው ቢቀርበውም የሚተርፍ። የመኪና ማቆሚያው ቆጣሪ ሩብ ዶላር ብቻ ስለሚበላ የሰው ሁሉ ኪስ ይንሿሿ ነበር። የሰው መምጣት በእርምጃው ብቻ ሳይሆን በኪሱም ይለይ ነበር። የታክሲ ሰዎች ነጭ ሸሚዝ በጥቁር ሰደርያ ይለብሱና ከምሳ በኋላ ከጥግ ካለው ምግብ ቤት ፊት ለፊት መኪናቸውን ተደግፈው ይቆማሉ። እሑድ ከቅዳሴ የተመለሱት ሴቶች ነጠላቸውን በጂንስ ላይ አጣፍተው ከጽጌ ሱቅ የአምስት ዶላር የስልክ ካርድ ይገዛሉ። ካርዱን በሳንቲም ፍቀው ቁጥሩን ያወጣሉ፤ እዚያው በር ላይ ቆመው ይደውላሉ። ዛሬ እዚያ በር ላይ የቆመ ሰው ካየሁ የሚያየው ስልኩን ነው፤ ድምፁንም አንሰማም። የዛን ጊዜዎቹ ግን ለመላው ፌርፋክስ በሚሰማ ድምፅ ነበር ሰላምታ የሚያቀርቡት፤ የማን እኅት እንደወለደች፣ የማን ቤት እንደተሸጠ እኛም አብረን እንሰማ ነበር።

እኔ በዚያ ዘመን በየአሥራ አምስት ቀኑ የምትወጣ ስምንት ገጽ የአማርኛ ጋዜጣ አዘጋጅ ነበርኩ። ዘጋቢዋም፣ አራሚዋም፣ በመኪናዬ የኋላ ኮፈን ጭኜ አከፋፋይዋም እኔ ነበርኩ። ከአገር ቤት የዜና ክፍል ይዤው የመጣሁት አንድ ደንብ ነበረ፤ ሁለት ምንጭ ያላረጋገጠው ነገር አይጻፍም። ሌላው ደንብ የራሴ ነው፤ የተሳሳትኩትን ስህተቱ በወጣበት ገጽ፣ በዚያው የፊደል መጠን አርማለሁ። ሁለቱንም ደንቦች ክፉኛ የፈተነብኝ ይህ አየርላንዳዊ ነው።

ዴክላን ከአየርላንድ ገጠር የመጣ አናጢ ነበር። ከጽጌ ጋር የተዋወቁት የሱቋን መደርደሪያ ሊሠራ በመጣ ጊዜ ነው። ሥራው የሦስት ቀን ነበር፤ አሥራ አንድ ቀን ፈጀ፤ በአሥራ አንደኛው ቀን እራት ጋበዛት። ሚድ ሲቲ በሚባለው ሰፈር ባለ ሁለት ክፍል አፓርታማ ተከራይተው ይኖሩ ነበር። በሳምንቱ መጨረሻ ኸርሊንግ የሚባለውን የአገሩን ጨዋታ ይጫወታል። ጨዋታው በጎበጠ ዱላ ነው፤ ዱላው አሽ ከሚባል ዛፍ ከሥሩ አካባቢ ይጠረባል፤ ኳሷ ከቡጢ ታንሳለች፣ በቆዳ የተሰፋች ናት። ተጫዋቾቹ የብረት መረብ ያለው ቆብ ስለሚያጠልቁ ፊታቸው አይለይም። ዴክላንን ለመጀመሪያ ጊዜ ዱላ ይዞ ከሱቅ ሲወጣ ያየው ወርቁ የሚባለው የታክሲ ሰው ነው። ሐምሌ ነበር።

«ጽጌ፣ ገና ደረሰ እንዴ? ሰውዬሽ ዱላውን ይዞ ወጥቷል» አላት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የዴክላን ስም ፌርፋክስ ላይ ገና ሆነ። እርግጥ ነው የእኛ ገና ጨዋታና የእነሱ ኸርሊንግ ይመሳሰላሉ። የእኛ ኳስ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከመሬት አትነሳም፤ የእነሱ አየር ላይ ነው የምትውለው፤ በባዶ እጅም ትያዛለች። ዴክላን የተከላካዮች አለቃ ነበር፤ ሥራውም ከላይ የሚመጣውን ኳስ ከሁለት ተቀናቃኝ ዱላ መሐል እጁን ዘርግቶ መያዝ ነው። የቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች በዚህ ሥራ ቀና ብለው አልቀሩም። ወርቁ ጣቶቹን ባየ ቁጥር «ይህ ሰው አናጢነቱን በምኑ ነው የሚሠራው?» ይል ነበር።

ስለ እሱ የጻፍኩት የመጀመሪያ ዜና ስህተት ነበር። ቡድኑ ከሳን ዲየጎ ከመጣ ቡድን ጋር ለዋንጫ ተጫውቶ ውጤቱን በወረቀት አምጥተውልኝ ነበር፤ የእኛዎቹ 2–11፣ የእንግዶቹ 0–16 ይላል። እኔ ደምሬው አሥራ ሦስት እና አሥራ ስድስት ሆነ። «የዴክላን ቡድን በፍጻሜው ተሸነፈ» ብዬ አወጣሁ። የመጀመሪያው ቁጥር ጎል መሆኑን፣ አንዱ ጎልም ሦስት ነጥብ መሆኑን ማንም አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ሰኞ ጋዜጣው ወጣ። ፌርፋክስ ደግሞ የተሸነፈ ሰው ብቻውን እንዲቀመጥ የሚተው መንገድ አልነበረም። ማክሰኞ እትዬ አልማዝ፣ ከቤተ ክርስቲያን ማኅበር የምናውቃቸው እናት፣ ሙልሙል ዳቦ ጋግረው አመጡለት። የምግብ ቤቱ ሰዎች የምሳውን ሒሳብ አንቀበልም አሉት። የታክሲ ሰዎች አንድ በአንድ ትከሻውን እየነኩ «አይዞህ ገና፣ ኔክስት ታይም» ይሉታል። ዴክላን የሚያውቃት አማርኛ «እሺ» እና «አመሰግናለሁ» ስለነበረች ለሁሉም እነዚህኑ መለሰ። እስከ ሐሙስ እንዲህ ሰነበተ። ሐሙስ ጽጌ ቢሮዬ መጣች።

«ጋሼ፣ ባሌን ማነው ያሸነፈው?»

«ጋዜጣው ላይ አለ።»

«ጋዜጣው ላይማ አለ። ዋንጫው ግን እኔ ቤት ነው። ነጭ ሽንኩርት አስቀምጬበታለሁ፤ መጥተህ እየው።»

ሄጄ አየሁ። ነጭ ሽንኩርት ነበረበት። ዴክላንን ለምን ዝም እንዳለ ጠየቅኩት።

«ሰው ሁሉ በጣም ደግ ነበር» አለኝ በእንግሊዝኛ። «ለማቋረጥ አልመቸኝም። ምሳውም ጥሩ ነበር።»

ወርቁ ነገሩን ሲሰማ መኪናውን ተደግፎ ትንሽ አሰበ። «ሶ፣ አንድ ጎል ሦስት ነው ማለት ነው? እንግዲያው ያበላነውን ሪፈንድ ያድርግ» አለ። እርማቱን በሚቀጥለው ዕትም፣ ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ በዚያው የፊደል መጠን አወጣሁ። እትዬ አልማዝ አንብበው ሌላ ሙልሙል አመጡ፤ ይሄኛው የደስታ ነው ብለው።

በዚህ ዓይነት ስድስት ሰመር አለፈ። በመጨረሻው ሰመር ላይ፣ ከላይ በጻፍኩት እሑድ፣ ዴክላን ጉልበቱ አልታዘዘውም ብሎ ጨዋታ ሊያቆም ተነሣ። ከፌርፋክስ አሥራ አራት ሰው ሜዳ ሄደን ነበር፤ ወርቁ አምስቱን በታክሲው ጭኖ ቆጣሪውን ሳይከፍት ወሰዳቸው። አውሮፕላኖቹ ለማረፍ በራሳችን ላይ ዝቅ ብለው ያልፋሉ፤ አንዱ ባለፈ ቁጥር የዳኛው ፊሽካ አይሰማም፤ ተጫዋቾቹም ፊሽካውን እንዳልሰሙ ይሆናሉ። ዴክላን ሲወጣ የሁለቱም ቡድን ተጫዋቾች ዱላቸውን እርስ በርስ አንኳኩለት። በእነሱ አገር እንዲህ ይደረግ እንደሆነ ጠይቄ አንዱ አዎ አለኝ፣ ሌላው አይደለም አለኝ፤ ስለዚህ አልጻፍኩትም።

በማግሥቱ ስለ ጨዋታ ዘመኑ ልጽፍ ከሱቁ ጀርባ ተቀመጥን። ነገሩን አጠር አድርጎ ነገረኝ። በስድስት ዓመቱ ጀመረ። የመጀመሪያ ዱላውን አጎቱ ጠረበለት። በሃያ አንድ ዓመቱ ለአውራጃው ቡድን ተመረጠ፤ ሦስት ዓመት ተቀያሪ ወንበር ላይ ተቀመጠ። በሃያ አምስት ዓመቱ ሥራ ፍለጋ ወደዚህ መጣ። ሎስ አንጀለስ አሥራ ስድስት የውድድር ዘመን፣ አራት ዋንጫ፣ ሁለት የተሰበረ ጣት፣ አንድ የወለቀ ትከሻ።

ጽጌ ካርቶን እየከፈተች ትሰማ ነበር። «ፍጻሜውን ንገረው እንጂ» አለችው።

«ተዪው።»

«እሱ ካልነገረህ እኔ እነግርሃለሁ ጋሼ። አውራጃው ከሃያ ስምንት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ዋንጫ የበላ ቀን፣ ሊያልቅ አራት ደቂቃ ሲቀረው የገባው እሱ ነው። የመጨረሻዋን ኳስ ከጎሉ አፍ ላይ በእጁ የያዛት እሱ ነው። ለእኔ ብቻ ነው የነገረኝ። ይህቺን ጻፍ።»

ዴክላን ዱላውን ማሸት ቀጠለ።

ሁለት ቀን ፈለግሁ። የአውራጃው ጋዜጣ የዚያን ቀን ዘገባ በቤተ መጻሕፍት ኮምፒውተር ላይ አገኘሁት። አራት ደቂቃ ሲቀር ተቀይሮ የገባውና ኳሷን የያዘው አሥራ ሰባት ቁጥር፣ ማርቲን የተባለ ተጫዋች ነው ይላል። የዴክላን ስም ከተቀያሪዎች ዝርዝር ውጪ የትም የለም። ለአውራጃው ክለብ ጸሐፊ ደወልኩ። ሰውየው ጥያቄዬን እስከ መጨረሻው ሰምቶ «መዝገቡ ላይ ያለው መዝገቡ ላይ አለ» አለኝና ስልኩን ዘጋ። የማርቲንን ቁጥር ከስልክ ማውጫ አገኘሁ፤ የብረታ ብረት ዕቃ ሱቅ አለው። ረቡዕ ጠዋት ከጽጌ ሱቅ ደወልኩለት። ካርዱን ጽጌ ራሷ ፍቃ ሰጠችኝና ክንዷን አጣምራ አጠገቤ ቆመች።

ስለ ዴክላን እንደምጠይቅ ነገርኩት። ማርቲን «ደህና ነው? አሁንም ይጫወታል?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ባለፈው እሑድ አቆመ።»

«አባቴ አሁንም ጥሩ ይበላሉ በለው» አለኝ። ስለ ፍጻሜው ጨዋታ ሁለት ጊዜ ጠየቅኩት፤ ሁለቱንም ጊዜ አልመለሰም።

ጽሑፉ ያለዚያች መስመር ወጣ። ሙሉ ገጽ ነበር፤ ፎቶው ትልቅ ነው፤ ስድስት ዓመቱ፣ አጎቱ፣ አራቱ ዋንጫ፣ ጣቶቹ፣ ትከሻው ሁሉ አለ። አራቱ ደቂቃ የለም። ጋዜጣዬ በጽጌ ሱቅ የሚቀመጠው ከገንዘብ መቀበያው አጠገብ ነበር። ዓርብ ስገባ መሬት ላይ፣ ከቀይ ሽንኩርት ማዳበሪያዎቹ መሐል አገኘሁት።

«እንደምን ዋሉ ጋሼ» አለችኝ። አንተ ስትለኝ የኖረች ልጅ እርስዎ ካለችኝ የሚከተለውን አውቄዋለሁ። «የሚፈልጉት ነገር አለ?»

ወርቁ በሩ ላይ ቆሞ ያይ ነበር። «ጋሼ፣ ጋዜጣህ ሽንኩርት ሆኗል» አለኝ። «ኦኬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሰውየው ውሸታም ነው ነው የምትለን?»

«አላልኩም። አልተረጋገጠም ነው ያልኩት።»

«ምን ልዩነት አለው?»

«ለእኔ አለው።»

«ለሷ ግን የለውም» አለ፣ በአገጩ ወደ ጽጌ እያመለከተ።

ዴክላን ከጀርባ ወጣ። ማርቲን ምን እንዳለኝ ጠየቀኝ። አባቴ ጥሩ ይበላሉ በለው ብሎኛል ስለው በርጩማው ላይ ቁጭ አለና ሳቀ። የረጅም ጊዜ ሳቅ ነበር። ሲጨርስ ዓይኑን ጠርጎ «የምነግራችሁ ለጽሑፍ አይደለም» አለ። ደብተሬን ዘጋሁ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። የፍጻሜው ቀን ማርቲን ሲያሟሙቅ እጁን ተመታ፤ ዱላ መጨበጥ አልቻለም። የማርቲን አባት በዚያን ጊዜ ሆስፒታል ተኝተዋል፤ ሐኪሞቹ ለገና አይደርሱም ብለዋል። ሬዲዮው ትራሳቸው ሥር ነው፤ የልጃቸውን ስም እየጠበቁ ነው። ማርቲን መመታቱን ማንም እንዳይነግራቸው ለመነ። በእረፍት ሰዓት የአንዱ ተጫዋች ማሊያ በደም ተበከለ፤ በደንቡ መቀየር አለበት፤ ከተቀያሪዎቹ የዴክላንን ማሊያ አውልቀው ሰጡት። ዴክላን ብርድ ላይ ነበር። ማርቲን የራሱን አሥራ ሰባት ቁጥር አውልቆ አለበሰው። አራት ደቂቃ ሲቀር አንድ ተከላካይ ወደቀ፤ አሠልጣኙ ዴክላንን አስገባ። ዝናብ ነው፤ ቆቡ ፊቱን ሸፍኖታል። የሬዲዮው ሰው የያዘውን ዝርዝር አይቶ አሥራ ሰባት ቁጥር፣ ማርቲን አለ። የጋዜጣው ሰውም እንደዚያው ጻፈ። ኳሷ ስትያዝ ሆስፒታል ውስጥ ሽማግሌው ከአልጋቸው ተነሥተው ቁጭ አሉ።

«ማታ ማርቲን እቤቴ መጥቶ አለቀሰ» አለ ዴክላን። «አባቴ እስኪያርፉ ድረስ ብቻ አለኝ። ለገና አይደርሱም ተብሏል። ቡድኑ ሁሉ ተስማማ፤ ጸሐፊውም መዝገቡን እንደ ጋዜጣው ጻፈው። ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፤ ከእሳቸው በቀር።»

«ስንት ገና አለፈ?» አለ ወርቁ።

«አሥራ ሰባት ሊሆን ነው።»

ማንም አልሳቀም። ጽጌ ከመደርደሪያው ላይ እጇን አነሣች። «መርዶ መደበቅ ነዋ» አለች ቀስ ብላ። «ለእኔ ይህን ለምን አልነገርከኝም?» ዴክላን ለወርቁ እንዳትነግሪ ብዬ ነው አለ። ወርቁ ቅር አለው። ዓርብ ማታ የነገረው ግን ለሁለት ሰው ብቻ ነበር፤ ሰኞ ፌርፋክስ በሙሉ ያውቅ ነበር። ጋዜጣዬም ወደ ገንዘብ መቀበያው ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሁለት ዓመት ሳስታውስ ኩራት ይሰማኛል። እኛ ሰፈር ወሬ ቆሞ አያድርም፤ ማን ግሪን ካርድ እንዳገኘ ራሱ ባለቤቱ ከመስማቱ በፊት ምግብ ቤት ውስጥ ይሰማል። ይህን ግን ከሰፈር ሳያወጡ ያዙት። ቅዳሜ ቅዳሜ ሜዳ የሚሄዱት የታክሲ ሰዎች ከአየርላንዶቹ ጋር እየተጫወቱ፣ ቢራ እየተጋበዙ፣ አንድም ሰው አላነሣውም። ከአየርላንዶቹ አንዱ ስልክ አንሥቶ አገር ቤት ቢያወራ ከሽማግሌው ጆሮ ይደርሳል ብለው ነው። ከአንዲት የአውሮፓ መንደር ሌላ ይህን ምሥጢር የሚጠብቅ መንገድ በዓለም ላይ ፌርፋክስ ብቻ ነበር። በየጊዜው ደግሞ ዴክላንን የሚያገኘው ሰው ሁሉ ከሰላምታ በኋላ «ሽማግሌው እንዴት ናቸው?» ይለዋል። ኖርዝ ሆሊውድ ድረስ የተዛወሩ ሰዎች ለሸመታ ሲመጡ ይጠይቁታል። ጥያቄው አስቸጋሪ ነበር፤ ደህና ናቸው ሲል እሰየው ማለት ግዴታ ነው፤ የዴክላን መስመር ግን በዚያው ልክ ይርቃል። እትዬ አልማዝ ነገሩን በራሳቸው መንገድ ቆረጡት።

«እኔማ ስማቸውን ጸሎቴ ውስጥ አስገብቻለሁ» አሉ አንድ እሑድ ሱቁ ውስጥ፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። «የሰው አባት ናቸው። ዕድሜ ይስጣቸው።»

ጽጌ ስንዴ እየመዘነች «እንግዲያው ያቆዩዋቸው እርስዎ ነዎት» አለቻቸው። እትዬ አልማዝ አልተቀየሙም። ጽጌም በዚያው ሳምንት ሻማ ስትገዛ አይቻታለሁ፤ ለማን እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

እኔም ደብተሬ ውስጥ አንድ ገጽ ባዶ አስቀምጬ ነበር። እውነቱን አውቀዋለሁ፤ የሰማሁት ግን ከአንድ ሰው ነው፤ እሱም ለጽሑፍ አይደለም ብሎኛል። በአርባ ዓመት ሥራ ብዙ ነገር አውቄ ሳልጽፍ ቀርቻለሁ፤ አብዛኛውን በፍርሃት ነው። ይህን በፈቃዴ ነው የያዝኩት።

በሁለተኛው ዓመት መጋቢት ውስጥ፣ አንድ ጠዋት ከሁለት ሰዓት በፊት የቢሮዬ ስልክ ጮኸ። ማርቲን ነበር።

«አባቴ ትናንት ተቀበሩ» አለኝ። «ዘጠና ሦስት ዓመታቸው ነበር። እስከ መጨረሻው ይበሉ ነበር።»

አዘንኩልህ አልኩት።

«ያን ቀን የጠየቅከኝን አሁን ጠይቀኝ።»

ጠየቅኩት። ያን ቀን እጁን ተመትቶ ከተቀያሪ ወንበር እንዳልተነሣ፣ ማሊያውን አውልቆ ለዴክላን እንደሰጠ፣ የገባውም ኳሷን የያዘውም ዴክላን እንደሆነ በአንድ ትንፋሽ ነገረኝ። «ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ሱቄ የገባ እንግዳ ሁሉ እጄን ሲጨብጠኝ ኖሯል» አለ። «እባክህ ጻፈው። መዳፌ ይረፍ።» ከአንድ ሰዓት በኋላ የክለቡ ጸሐፊ ራሱ ደወለ፤ ያኔ ስልኩን የዘጋብኝ ሰው ነው። መዝገቡን ከፊቱ እንደዘረጋ፣ የማርቲንን ስም በቀይ እስክሪብቶ ሰርዞ የዴክላንን እንደጻፈበት፣ ከጎኑም እንደፈረመ ነገረኝ። ሁለት ምንጭ ሆነ።

ወደ ሱቁ ሄድኩ። ዴክላን ሥራ አልሄደም፤ ዜናው ሌሊት ደርሶት ነበር። በርጩማው ላይ ተቀምጧል፤ ዱላው ጉልበቱ ላይ ነው፤ እያሸው ግን አልነበረም። ወርቁ በሩ ላይ ቆሟል። ማርቲን ያለኝን ስነግረው ዴክላን ራሱን ነቀነቀ። «አሁን መጻፍ ትችላለህ» አለኝ።

«ሰኞ ይወጣል» አልኩት።

«አይወጣም» አለች ጽጌ።

ሁላችንም ዞረን አየናት። ይህቺን መስመር ሁለት ዓመት ሙሉ የጠበቀች፣ በሷ ምክንያት ጋዜጣዬን ሽንኩርት ያደረገች እሷ ናት። የስልክ ካርዶቹን እያስተካከለች ነበር፤ ዓይኗ ቀልቷል።

«ሽማግሌው ትናንት ነው የተቀበሩት፤ ገና አፈራቸው አልደረቀም። ዛሬ የልጃቸውን ኳስ ልትወስድባቸው ነው? አርባቸው ይውጣ።»

ዴክላን በእነሱ አገር ሰላሳኛው ቀን ላይ ቅዳሴ ይደረጋል፣ ሰላሳ ቀን ይበቃል አላት።

«ያ ያንተ አገር ነው። ጋዜጣው ያለው ፌርፋክስ ነው» አለችው።

ወርቁ ከበሩ ላይ «አሥራ ዘጠኝ ዓመት የጠበቀ ሰው አርባ ቀን አያቅተውም» አለ። ዴክላን ጽጌን ትንሽ አያትና «እሺ» አላት።

በአርባኛው ቀን ጠዋት እትዬ አልማዝ ስማቸውን በተዝካር አስጠሩላቸው፤ የአየርላንዳዊ ስም ስለሆነ ካህኑ ሁለት ጊዜ እንዳስደገሟቸው ነገሩኝ። ከዚያ በኋላ ያለው ሰኞ ጋዜጣው ወጣ። የዴክላን የጨዋታ ዘመን የወጣው አራተኛው ገጽ ላይ ስለነበር እርማቱም እዚያው አራተኛው ገጽ ላይ፣ በዚያው የፊደል መጠን ነው። አንድ ቅጂ ወደ አየርላንድ ላክሁ። የወጣው እንዲህ ይላል፤

«እርማት። ስለ ዴክላን የጨዋታ ዘመን ባወጣነው ጽሑፍ ላይ አንድ መስመር ጎድሏል። በአውራጃው የፍጻሜ ጨዋታ፣ ሊያልቅ አራት ደቂቃ ሲቀረው፣ አሥራ ሰባት ቁጥር ለብሶ ተቀይሮ የገባው ዴክላን ነው። የመጨረሻዋን ኳስ በእጁ የያዘው እሱ ነው።»